የደረቀ ትከሻና የአሶሳ ዙሪያ ታካሚ



የጉሙዝ ሴት ውኃውንና እህሉን በዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥላ በትከሻዋ ትሸከማለች። ያ ትከሻ ሲደርቅ የቤቱ ኑሮ ይናጋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. «ፍሮዝን ሾልደር» ያለው ይህ ሕመም በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት የሆናቸውን፣ ይልቁንም የስኳር ሕሙማንን ያጠቃል። የመገጣጠሚያው ከረጢት ተቆጥቶ ይኮማተራል፤ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ይሳናል።

ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ከገጠር ወደ አሶሳ በየሳምንቱ መመላለስ ለብዙዎች አይቻልም። ስለሆነም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዋና ተግባር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስተማር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ክንድን ማወዛወዝን፣ ግድግዳን በጣቶች ማሻቀብን፣ ሕመሙ ሲጠና እንቅስቃሴውን መቀነስን እንጂ ፈጽሞ አለማቆምን። ታስሮ የተቀመጠ ክንድ የባሰ ይደርቃል፤ በሚገባ የተማረች ታካሚ ግን ሕክምናዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።