ወለምታ የመሰለው ጉዳት

ሜዳ ላይ የሰው እግር ከታጠፈ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። «ወለም ብሎት ነው፣ ወጌሻ ጋ ውሰዱት» ይላል አንዱ፤ ሌላው በረዶ ፍለጋ ይሮጣል። ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። የዛሬው ወጋችን ግን ወለምታ መስሎ ስለሚያታልል ጉዳት ነው። ቦታው ከቁርጭምጭሚት በታች፣ ከጣቶች በላይ፣ መሃል እግር ላይ ነው። ሐኪሞች ሊስፍራንክ ይሉታል። ስሙ የናፖሊዮን ዘመን ሰው ከሆነው ከፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ከዣክ ሊስፍራን የመጣ ነው፤ እሱ የታወቀው ግን ይህን መገጣጠሚያ በመጠገን ሳይሆን በዚያ በኩል የእግርን የፊት ክፍል በመቁረጥ ነበር። ዛሬ አጥንቱን በቦታው የሚያስር ብሎን መኖሩ ተመስገን ያሰኛል።

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ጣቶች መሬት ረግጠው ተረከዝ ከፍ ባለበት ቅጽበት ሌላ ተጫዋች ተረከዙ ላይ ይወድቃል፤ ወይም ታኬታው ሳሩ ውስጥ ተተክሎ ሰውነት ይዞራል። ያኔ መሃል እግርን ከሁለተኛው ጣት ረጅም አጥንት ጋር ያሰረው ጅማት ይበጠሳል። ተጋድመው በተነሱት ራጅ ላይ አጥንቱ ሁሉ በየቦታው ያለ ሊመስል ይችላል፤ ክፍተቱ የሚታየው ክብደት ሲያርፍበት ስለሆነ ሐኪሙ ቆመው የሚነሱትን ራጅ ይፈልጋል። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም፤ ውስጥ እግር ላይ ደም ከቋጠረና መርገጥ ካቃተ ግን መታሸቱ ይቅርና ሆስፒታል ይኬድ።

ቼት ሆልምግረንን የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 2022 በኤንቢኤ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ ሆኖ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ወሰደው። በዚያው ዓመት ኦገስት፣ ሲያትል ውስጥ በተደረገ የበጋ ጨዋታ ሌብሮን ጀምስን ሊከላከል ሲል ቀኝ እግሩ ተጎዳ፤ ሊስፍራንክ ተባለ። የመጀመሪያው የውድድር ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይጫወትበት አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት 82ቱንም መደበኛ ጨዋታዎች ተሰልፎ ጨረሰ። እኔን የሚገርመኝ 82ቱ አይደለም፤ ወጣትና ጉጉ ሆኖ ያን ሙሉ ዓመት መቀመጡ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን በአራተኛው ወር «ተሽሎታል፣ ፈርቶ ነው» ይባል ነበር።

አራተኛው ወር ደግሞ ክፉ ወር ነው። አጥንቱን በብሎን ከሚያስረው ቀዶ ጥገና በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እግሩ መሬት አይነካም፤ ክራንች ብቻ። ከዚያ በመከላከያ ቡት ቀስ በቀስ መርገጥ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ። ብሎኑን አንዳንዱ ሐኪም ከወራት በኋላ ያወጣዋል፣ ሌላው ካላስቸገረ ይተወዋል፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አራተኛው ወር ላይ እንግዲህ ሰውየው ሳያነክስ ይሄዳል፣ ሕመሙም የለም፣ ድኛለሁ ይላል። ሩጫ ግን እግር ላይ የሰውነትን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ይጭናል፤ ያን ጭነት ከመሬት የሚያስፈነጥረውም ያው የተጠገነው መሃል እግር ነው።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ይፈትናል። በተጎዳው እግር ብቻ ቆሞ ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳት፣ ከጤነኛው ጋር እኩል እስኪሆን። ከዚያ በአንድ እግር መዝለል፣ ቀጥ ያለ ሩጫ፣ በመጨረሻም በድንገት መዞርና መታጠፍ። ለብዙ ሰው ይህ ሁሉ ስድስት ወርም ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ የቀድሞ ፍጥነቱን ሳያገኝ የሚቀርም አለ።

ሆልምግረን ሲጠብቅ ደመወዙ አልተቋረጠም። እሑድ እሑድ የሚጫወት የታክሲ ሹፌር ግን ቀኝ እግሩ ቡት ውስጥ እያለ ፍሬን አይረግጥም፤ ቀኑን ሙሉ የምትቆም አስተናጋጅም ያው ናት። ችኮላቸው ከሞኝነት አይደለም። ለእነሱ ከሐኪሙ ጋር መጀመሪያ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለ ሥራ ነው፣ ስለ ኳስ በኋላ ይደረሳል።

ሜዳ የሚመለስ ሰው ጫማውን ይመርምር። በሁለት እጁ ይዞ ይጠፈው፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ከተጣጠፈ ለዚህ እግር አይሆንም። የሰልባጅ ታኬታ ስትገዙም እንዲሁ አጥፋችሁ ሞክሩት፤ ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።