ሩጫን ለሕዝብ ስለሚያስተምር ጨዋታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ለእንጦጦ ማርያም ጎብኚዎች የሚሆን የሩጫ ጨዋታ እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል ሐሳቤን በአጭሩ እንዳቀርብ ፍቀዱልኝ።

እንጦጦ የሯጮች መለማመጃ መሆኑ የታወቀ ነው። ማለዳ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ የወጣ ሰው ሯጮቹ ሲያልፉ ያያል፤ ፍጥነታቸውን ግን በራሱ እግር አይለካውም። ጨዋታው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጀበት። ሒሳቡ ሲሠራ በአማካይ 50 ሜትሩን 10 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በ50 ሜትር ብቻ ከሆነማ ከመካከላችን ብዙዎቻችን አበበን እንቀድማለን! ስለዚህ «የቀደመ ያሸንፍ» ብንል ጨዋታው ሐሰት ያስተምራል፤ የአበበ ታላቅነት ያን ፍጥነት ከሁለት ሰዓት በላይ ይዞ መቆየቱ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። 50 ሜትር ደልዳላ መንገድ ይመረጥ፤ በየ10 ሜትሩ አንድ መብራትና አንድ የሚረገጥ ሳንቃ ይደረግ። መብራቶቹ በአበበ ፍጥነት በየተራ ይበራሉ፤ ሳንቃው ሲረገጥ ሰዓቱን ይመዘግባል። አሸናፊው ከመብራቱ ያልቀደመ፣ ያልዘገየም ነው። ይህ ሕልም አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. በሞናኮ ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ያስመዘገበውን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር በመሮጫው ዳር እንዲህ ያሉ መብራቶች ይመሩት ነበር።

ለሕፃን መብራቱ በግማሽ ፍጥነት፣ ለሽማግሌ በእግር መንገድ እርምጃ ይሂድ፤ ነጥቡ ግን እኩል ይሁን። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳው ትንፋሽ እንዳያጥረው መንገዱ ከዚህ አይርዘም።

ጉልበተኛ ብቻ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ሌላውን ሁሉ ተመልካች ያደርገዋል። ለብዙ ዘመን ከዚህ ተራራ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የወረዱት እናቶቻችን ማንንም ለመቅደም አልተጣደፉም፤ እርምጃቸውን መጥነው ግን ደረሱ። በዚህ ጨዋታ ከነርሱ አንዲቱ ሯጭ ልጇን ብታሸንፍ አይደንቀኝም።

መብራትና ሳንቃ ከመግዛታችን በፊት በሜዳችን ላይ በኖራ መሥመርና በፊሽካ እንሞክረው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ጓደኞቼ ሁሉ እንድትረዱኝ በትሕትና እለምናለሁ።