ስለ ሞተር ጀልባ መስተዋት አለዋወጥ ለጀልባ ባለቤቶችና ነጂዎች የተደረገ ንግግር



 ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር ወይም ስለ ነዳጅ ሳይሆን ስለ ተሰበረ መስተዋት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ጀልባው መስተዋቱ ተሰንጥቆም ይሄዳልና።

ነገር ግን ጠዋት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ነጂ እናስብ። ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል። ብርሃኑ በተሰነጠቀውና ፕላስተር በተለጠፈበት መስተዋት ላይ በወደቀ ጊዜ ይበታተንና ከፊቱ ያለው ውሃ ሁሉ ነጭ ነጸብራቅ ይሆንበታል። በዚያው ሰዓት እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ወደ ገበያ ይጓዛል። ታንኳው ከውሃው ጥቂት ብቻ ከፍ የሚል ነው፤ ቀዛፊውም የሞተሩን ድምፅ ቢሰማ እንኳ ፈጥኖ ከመንገድ ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ ማየት የሚገባው ሞተር ያለው ነው። በ1972 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የመርከቦችን ግጭት ለመከላከል የተደነገገው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በ5ኛው ቊጥሩ፣ ማናቸውም መርከብ በዓይንም በጆሮም ዘወትር እንዲጠባበቅ ያዛል። ደንቡ የተጻፈው ለባሕርና የባሕር መርከብ ሊገባባቸው ለሚችል ከባሕር ጋር ለተያያዙ ውሆች ነው፤ የዐባይን ፏፏቴ ወጥቶ ወደ ጣና የሚደርስ መርከብ ደግሞ የለም። ሆኖም ዓይን በባሕርም በሐይቅም አንድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መስተዋት በተሰበረ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው የቤት መስኮት ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ሠራተኛውም በእጁ የሚቆርጠው ስለ ሆነ ጀልባው በማግስቱ ሥራ ይጀምራል። ይህንኑ ነው አጥብቄ የምቃወመው። የቤት መስኮት መስተዋት በተሰበረ ጊዜ እንደ ቢላዋ የተሳለ ረጅም ስባሪ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሰው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በጀልባ ውስጥ ግን የተሳፋሪው ፊት ከመስተዋቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፤ ሕፃን ያቀፈች እናትም ትከሻዋን የምታስደግፈው በዚያው ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባውን ሲያናውጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለጀልባ የሚገባው በእሳት የጠነከረው፣ ወይም በሁለት መስተዋት መካከል ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀበት፣ ወይም አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። የጠነከረው መስተዋት ከተራው አራት እጥፍ ያህል ይበረታል፤ ሲሰበርም እንደ ጠጠር ደቆ ይረግፋል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳምም። አንዲት ሚሊሜትር ልቀንስለት ብሎ ሞረድ ያስነካው ሰው መላውን ያጣዋል። ስለዚህ ልክና ቅርፁ ከመጠንከሩ በፊት ለፋብሪካው መሰጠት አለበት። በፕላስቲክ የተጣበቀው የመኪና የፊት መስተዋት የሚሠራበት ዓይነት ነው፤ ቢሰነጠቅም ስባሪው ከፕላስቲኩ ላይ አይላቀቅም። ጠፍጣፋ የሆነውን የለመደ ሠራተኛ ከሁለቱም ፊት ጭሮ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ግን ውሃ ውስጥ ከዋለ ፕላስቲኩ እየነጣ ይለቃልና በሚገባ መታሸግ ይፈልጋል።

አክሪሊክ በገበያ ፕሌክሲግላስ በሚለው ስም ይታወቃል። ክብደቱ ከመስተዋት እኩሌታ እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ መስተዋት 15 ኪሎ ሲመዝን አክሪሊኩ 7 ኪሎ ያህል ነው። የጀልባው አናት እንዲቀል ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በቀላሉ ይጫጫራል። ስለዚህ አሳቤን ብጠየቅ፣ ውሃ መጥረጊያ ለሚሠራበት ለነጂው ፊት የተጣበቀውን መስተዋት፣ ለጎንና ለኋላ አክሪሊክን እመርጣለሁ። በነጂው ፊት ጥቁር ላስቲክ መለጠፍን ግን በምንም ምክንያት አልደግፍም፤ ሲመሽ ታንኳውን ከነቀዛፊው ይሰውራል።

ልክ ሲወሰድ አሮጌው ስባሪ አይታመን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ያስተማሩን መምህር ካርቶን ሳይቆርጡ መስተዋት አይነኩም ነበር፤ ልማዱ እጅግ ጠቃሚ ነው። ስባሪው በጓንት ከተለቀመ በኋላ አሮጌው ጎማና ማሸጊያ ይፋቅ፤ ክፈፉ ዝጎ እንደ ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግና ቀለም ይቀባ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን በክፈፉ ላይ አስደግፎ ማእዘኑን ሳይቀር መቅረፅ ነው። ብዙ ጊዜ መስተዋት የሚሰነጠቀው በድንጋይ ተመትቶ ሳይሆን የተጣመመ ክፈፍ በአንድ ማእዘን ላይ ስለሚጫነው ነው። ይህ ሳይስተካከል አዲሱን ማስገባት ገንዘብን ወደ ሐይቁ መወርወር ነው።

አክሪሊክ በሙቀት የሚለጠጠው ከመስተዋት ስምንት እጥፍ ያህል ነው። አንድ ሜትር የሆነ አክሪሊክ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ ርዝመቱ በ2 ሚሊሜትር ያድጋል። ስለዚህ በዙሪያው ክፍተት ይተውለት፤ የብሎኑም ቀዳዳ ከብሎኑ በጥቂት ሚሊሜትር ይስፋ። ራሱ እንደ ሽብልቅ የሾጠጠ ብሎን አይግባበት፤ ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል። ካቻቢቴ የያዘ ሰው አጥብቆ ማሰር ደስ ይለዋል፤ እዚህ ግን ጥብቀቱ ጉዳት ነው። ማሸጊያው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው ትንንሽ የጎማ ቁራጭ በመካከል ይቀመጥ፤ ብሎኑም ለዘብ ብሎ ይታሰር። ሁሉም ተጨምቆ ከወጣ መስተዋቱ ሲለጠጥ የሚከተለው ነገር አይኖርም፤ ውሃው በዚያ በኩል ይገባል።

ስለ ሲሊኮን አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ቱቦው ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ አሲዱ የብረት ክፈፍን ያዝጋል። ኮምጣጤ የማይሸተውን ዓይነት፣ ለፕላስቲክም የሚስማማ መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ ርጥበት ስቦ፣ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ነውና ጀልባው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይቁም። ከዚያ በኋላ አንዱ በውስጥ ሆኖ እየተመለከተ ሌላው በውጭ ውሃ በባልዲ እየደፋ ይፈትነው። አክሪሊክን በቤንዚን ወይም በአልኮል የሚወለውል ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያያል፤ ብዙ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

የአንድ ቀን ገቢ መቅረቱ ለባለቤቱ ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ምእመናን ወደ ገዳማቱ በሚጎርፉበት ጊዜ፣ ጀልባ አቁሙ ማለት ለተናጋሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ካርቶኑን ዛሬውኑ፣ መስተዋቱ ሳይሰበር፣ ቆርጣችሁ የጀልባውን ስምና የመስኮቱን ቦታ ጽፋችሁበት በቤታችሁ አስቀምጡ፤ ድንገት ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ ልክ ፍለጋ ቀን አይጠፋም። ስባሪውንም ወደ ሐይቁ አትጣሉ፤ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ አለ።

ተራውን፣ የጠነከረውን፣ የተጣበቀውንና አክሪሊኩን ቆራርጠን በጠረጴዛው ላይ አኑረናል። ቀርባችሁ በእጃችሁ እየመዘናችሁ ተመልከቱ፤ ጥያቄ ያለውም ይጠይቅ።