አንድ ግስ፣ ብዙ ትእዛዝ



በእንግሊዝኛ ቋንቋ በፊደል አጭር፣ በትርጉም ግን እጅግ ሰፊ ከሆኑት ግሶች አንዱ «ሰት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው የኦክስፎርድ ታላቅ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው ይኸው ግስ ሲሆን፣ ትርጉሞቹም ከ400 በላይ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማዕድ ሲሰናዳ፣ ቀን ሲቆረጥ፣ የተሰበረ አጥንት ሲጠገን፣ መሣሪያ በልኩ ሲስተካከል፣ ድንጋይ በግንብ ላይ ሲቀመጥ እንግሊዝኛው በዚሁ በአንድ ግስ ይገለገላል፤ አማርኛው ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ይሰጠዋል።

አማርኛም በበኩሉ እንዲህ ያለ ግስ አላጣም። «ያዘ» የሚለውን መመልከት ይበቃል። መንገደኛ መንገዱን ይይዛል፤ ተማሪ ትምህርቱን በቃሉ ይይዛል፤ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ የተተከለ ችግኝ ይይዛል፤ የተቦካ ሲሚንቶም ይይዛል። እንግዲህ የሁለቱ ቋንቋዎች ሰፋፊ ግሶች የሚገናኙት በጥቂት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚያ አንዱ የግንባታ ሥራ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት፣ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በኩታበር ደጋ የሚሠራን አንድ አነስተኛ ድልድይ ማሰብ ይቻላል። የእንግሊዝኛው ሰነድ ስለ ሲሚንቶ «ሰት» ሲል፣ ለጋው ድብልቅ ልስላሴውን አጥቶ መርጋቱን መናገሩ ነው። የታወቀው የአሜሪካ መለኪያ ለፖርትላንድ ሲሚንቶ ይህ የሚጀምርበት ጊዜ ከ45 ደቂቃ እንዳያንስ፣ ከ375 ደቂቃም እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የኮንክሪት ጥንካሬ ግን በልማድ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። አንዱ በሰዓት፣ ሌላው በሳምንት ይቆጠራል።

ተርጓሚው ይህን ግስ «ጠነከረ» ብሎ ቢመልሰው፣ ግንበኛው በማግሥቱ ድጋፉን ቢያነሣና ውሃ ማጠጣቱን ቢተው አይፈረድበትም፤ የታዘዘውን ፈጽሟልና። በደጋ ብርድ ደግሞ የሲሚንቶና የውሃ ውሕደት ስለሚዘገይ አደጋው ይብሳል። በዚህ ስፍራ ትክክለኛው ግስ ግንበኛው ራሱ የሚያውቀው «ያዘ» ነው።

የአንድ ግስ ትርጉም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያ አካባቢ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ከኩታበር በሚዋሰነው በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ፈቃዱን ወደ ግዴታ የሚለውጥ ግስ ይዞ ተገኘ። ከዚህ የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ለተደረገው ጦርነት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኗል።

ስለዚህ የሥራ ውልና መመሪያ ተርጓሚ ከመዝገበ ቃላቱ አስቀድሞ፣ ቃሉ በሥራው ቦታ ምን እንደሚያሠራ ሊጠይቅ ይገባዋል። ግሱም ብቻውን አይተው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ልኩ አብረውት ይጻፉ። «ሲጠነክር ድጋፉ ይነሣ» ከማለት፣ መሐንዲሱ የወሰነውን የቀን ቁጥር መጻፍ ይሻላል። ረቂቁም ከመታተሙ በፊት ለአንድ ልምድ ላለው ግንበኛ ይነበብለትና ምን ለማድረግ እንደታዘዘ ይጠየቅ። መልሱ ከሰነዱ አሳብ ከተለየ፣ የሚታረመው ግንበኛው ሳይሆን ሰነዱ ነው።