ማረፊያችሁን በቀን ምረጡ

(አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ያደረገው ንግግር)



የክበባችሁ ሰብሳቢ ልትጋብዘኝ ስትመጣ «ስለ መንገድ ሕይወት ይንገሩን» ነው ያለችኝ። እኔ ሹፌር እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። ስለዚህ ምክር ከማበዛባችሁ አንድ ጉዞዬን ልንገራችሁ።

መንገዱን በካርታ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ሰባት ይደርሳል። ከዚያ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገርና ጅቡቲ ወደብ ይገባል። ባጠቃላይ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ አብዛኛው ጭነት ከአሰብ ነበር የሚመጣው፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡርም ጭነት ያመላልሳል፤ ያም ሆኖ የሚበዛው ጭነት አሁንም በእኛ በሹፌሮች ትከሻ ላይ ነው።

እንደ ደንቡ ረዳት አብሮኝ ይሄዳል። ረዳት ጎማ የሚያይና ታኮ የሚያደርግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እንቅልፍ ሲመጣ የሚያዋራችሁ እሱ ነው። ያን ጊዜ ግን ረዳቴ ወባ ታሞ ቀረ። ማዳበሪያ ጭኜ ከጅቡቲ ብቻዬን ተነሳሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የተነሳሁት። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ደውሎ «ነገ ጠዋት ሞጆ ካልደረስክ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ» ብሎኛል።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ሎጊያ ገባሁ። መኪናው ሁሉ ተደርድሯል። ሎጊያ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ አልጋ ግቢ ውስጥ እያወጡ ነው የሚታደረው። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ሹፌር አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው «አንተ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ እደር!» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ። ጫት ገዛሁና ጋቢና ገባሁ።

ሚሌን አለፍኩ፤ ገዋኔንም አለፍኩ። የሚያዋራኝ ሰው የለም። መስኮት ከፈትኩ፣ ሙዚቃ ጮክ አደረግሁ። ዓይኔ እንደተገለጠ ነው፤ እኔ ግን የለሁም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ጎማዬ ጠጠር ሲመታ ብንን አልኩ። በመኪናው መብራት ፊት ለፊት ያየሁት ግመሎች ናቸው፤ የሞቀው አስፋልት ላይ ተኝተዋል። ከፊታቸው እናንተን የሚያክል ልጅ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ፍሬኑን ረገጥኩ። ተሳቢው ከኋላዬ አቃሰተ፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ።

ልጁ ወደ መስኮቴ መጣ። በአፋርኛ የሆነ ነገር ተናገረኝ፤ አልገባኝም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው መሰለኝ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ደልዳላ ቦታ በዱላው አሳየኝ። መኪናውን እዚያ አቆምኩና እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ሲነጋ ልጁም ግመሎቹም የሉም። ወደ ኋላ ሄጄ ጎማዬ ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩ ላይ የሄደበትን በእርምጃ ለካሁት። 60 እርምጃ ነው። ከእነዚያ 60 እርምጃዎች አንዱንም አላስታውስም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ ለሦስት ሰከንድ እንኳ አልተኛሁም ማለት ነው። ለመግደል ግን ይበቃ ነበር።

ቆይቶ እንደተረዳሁት፣ 17 ሰዓት ሙሉ ሳይተኛ የቆየ ሰው መጠጥ ቀምሶ እንደሚነዳ ሰው ነው። እኔ ያኔ 22 ሰዓት ነቅቼ ነበር። ጫት እንቅልፍን ይሸፍነዋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ ሰውነታችን አብልጦ እንቅልፍ የሚጠይቅበት ነው። መስኮት መክፈት ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው ቆሞ መተኛት ነው። 20 ደቂቃ እንኳ ለጊዜው ያነቃል፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ግን አይተካም።

አሁን ከመነሳቴ በፊት የት እንደማድር በወረቀት እጽፋለሁ፤ ለባለቤቴም እነግራታለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ሎጊያ፣ ሁለተኛው አዋሽ። መብራት ባለበት፣ ሌሎች መኪኖች መካከል አቆማለሁ። ታኮ አደርጋለሁ፣ ጎማ አያለሁ፣ እራት እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ማታ ላይ የደከመው ጭንቅላቴ እንዲወስንልኝ አልፈቅድለትም።

ልጆች፣ ማታ የሚወሰነው ስለ እንቅልፍ ብቻ አይደለም። ማረፊያ ከተማ ውስጥ ብቸኝነት አለ፣ ቢራ አለ፣ «ምናለበት?» የሚል ጓደኛ አለ። እንዲህ ባለ ማታ በኤች አይ ቪ የተያዙ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። በቡና ቤት የሚሠሩትን ሴቶች አትውቀሱ፤ ምርጫው የእኛም ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ ተመርምሮ ራሱን ካወቀ በኋላ መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ ዛሬም ያንኑ መንገድ ይነዳል። ቫይረሱ በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ ወርዷል፤ እዚያው እስካለ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሚስቱ አይተላለፍም። «መታቀቡንም ሆነ ኮንዶሙን ቀን ሳለሁ ባስበው ኖሮ!» ይለኛል ሁልጊዜ።

እናንተም ነገ ብቻችሁን ትወጣላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ሰው አገር። «እደር» የሚል ሰው ላይኖር ይችላል። ማረፊያችሁን በቀን ምረጡ።

ባለቤቱስ ምን አለ? ሞጆ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ተቆጣ፣ ጮኸ፣ ወጣለት። ማዳበሪያው ግን አንድ ኬሻ ሳይጎድል ደረሰ። እኔም ደረስኩ። ያ ልጅም ግመሎቹን ይዞ ቤቱ ገብቷል።