የሐይቅ ዳር ቤትና የውሃው ልክ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ቤት መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጽመው ትልቅ ውል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የብዙ ዓመት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የዘመድ ብድር፣ አንዳንድ ጊዜም ልጅ ከውጭ አገር የላከው ጥሪት ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ፊርማ ወደ አንድ ግቢ ይገባል። ግቢው በሐይቅ ዳር የሚገኝ የሆነ እንደሆነ ግን ገዢው ከሻጩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሐይቁም ጋር አብሮ መዋዋሉ ነው። ሻጩ በፊርማው ይታሰራል፤ ሐይቁ ግን ፊርማ የለውም።

ነባር የሐይቅ ዳር ሰፈር ሲባል፣ ዛፉ ጥላ የጣለ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ፣ ዕድሩ የቆመ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ በስሙ የሚጠራበት ሰፈር ማለት ነው። በሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ አጠገብ ያሉት የቆዩ ሰፈሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ከተማዪቱ በ1950ዎቹ ዓመታት መግቢያ ተቆርቁራ፣ በቀጥተኛና ሰፋፊ መንገዶች ተከፋፍላ ያደገች ስትሆን፣ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ማለዳ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲያወርዱ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ በፍቅር ሐይቅ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ያየ ሰው፣ በዚህ ስፍራ ቤት ኖሮት ልጆቹን ለማሳደግ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ስለሆነም የቤቱ ዋጋ ከፍ ማለቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ዋጋው የሚናገረው ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጥላውና ስለ ጉርብትናው ነው። በይዞታ ማረጋገጫው ላይም የቦታው ስፋትና አዋሳኞቹ ይሰፍራሉ። የቤቱ ወለል ሐይቁ ደርሶበት ከሚያውቀው ከፍተኛ ልክ በስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ግን ብዙውን ጊዜ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይጻፍም። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይኸው ያልተጻፈ ቁጥር ነው፤ እሱን ለክቶ መጻፍም ከማንም በፊት የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

በር ያለው ሐይቅና በር የሌለው ሐይቅ

ገዢው ስለ ሐይቅ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ውሃው መውጫ በር አለውን?» የሚል ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ጨዋማ አለመሆኑ በከርሰ ምድር የሚሰርግ መኖሩን ቢያመለክትም፣ ትልቁ ወጪው ትነት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሐይቅ እንደ ሒሳብ መዝገብ ሊታይ ይችላል። ገቢው ዝናብና ጎርፍ፣ ወጪው ትነትና ስርገት ነው። በተከታታይ ዓመታት ገቢው ከወጪው የበለጠ እንደሆነ ትርፉ የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ ስለሌለ ውሃው ከፍ እያለ ወደ ዳርቻው ይሰፋል። በ1990ዎቹ ዓመታት መግቢያ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ በዘነበ ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር፤ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ገባ። ከከተማዪቱ በስተምሥራቅ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ደግሞ በደለል እየተሞላ ወደ ረግረግነት ተለውጧል። ቀድሞ ጨለለቃ ይዞ ያስቀረው የነበረው ደለል ወደ ሐዋሳ የሚያልፍበት መንገድ መስፋቱ ለማንም መሐንዲስ ግልጽ ነው። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ቤት ዕጣ የሚወሰነው በዳርቻው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዓይን በራቀው ተራራ ላይ በሚታረሰውና በሚመነጠረው መሬት ጭምር ነው።

የጣና ነገር ከዚህ ይለያል። ጣና መውጫ በር ያለው ሐይቅ ነው፤ በሩም ዓባይ ነው። በጨረጨራ የተሠራው ግድብ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ሥራ ጀምሮ፣ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨምረውለታል። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ልክ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም የሚመራ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ዝቅ ብሎ የጀልባ ጉዞ እስኪታወክ ድረስ ዳርቻው ሲሸሽ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ደግሞ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች ጎርፍ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ስለሆነም በባሕር ዳር ቤት የሚገዛ ሰው የዝናቡን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የግድቡን አሠራርም መጠየቅ ይገባዋል።

የበሰቃ ሐይቅ ምሳሌ ከሁሉም ይከብዳል። በመተሐራ አጠገብ በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ሐይቅ፣ በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ተጋፍቷል። በአንጻሩ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ከእርሱ ይጠጣ የነበረው የሐረር ከተማ ሕዝብ ሌላ የውሃ ምንጭ እንዲፈለግለት ግድ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ «ሐይቅ ዳር» የሚለው ስም ለሐይቁ መኖር ዋስትና እንደማይሆን አስተምሯል። ከአገራችን ውጭም በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ በ2012 ዓ.ም. ከፍ ባለ ጊዜ፣ ኪሆቶ በተባለው የመኖሪያ ሰፈር ውሃው ቤት ውስጥ ገብቶ ብዙ ቤተሰቦች ሰፈሩን ለቅቀዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የሐይቅ ዳርቻ የማይንቀሳቀስ መስመር አይደለም። ውሃው አንድ ጊዜ የደረሰበትን ስፍራ ለቅቆ ቢሄድም ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል።

ግድብ ስለሚከለክለውና ስለማይከለክለው

በሐዋሳ ከጥፋቱ በኋላ በከተማዪቱና በሐይቁ መካከል የመከላከያ ግድብ ተሠርቷል። ዛሬ ሕዝቡ በላዩ ይንሸራሸርበታል፤ አዲስ መጥ ሰው መናፈሻ እንጂ ግድብ መሆኑን እንኳ ላያስተውል ይችላል። ሻጭም ለገዢ፣ «ግድብ አለ፤ ስለ ውሃ አያስቡ» ብሎ ያጽናናዋል። ንግግሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም።

ግድብ በምድር ላይ የሚመጣውን ውሃ ይመልሳል። ከምድር በታች የሚመጣውን ግን በቀላሉ አያግደውም። ሐይቁ ከፍ ሲል በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ከፍ ይላል፤ በአሸዋማና በስፖንጅ ድንጋይ በተሞላ አፈር ውስጥ ደግሞ መንገዱ ሰፊ ነው። ከዚህም በላይ ሐይቁ ወደ ከተማው እንዳይገባ የሚከለክለው ግድብ፣ በከተማው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ ሊከለክል ይችላል። ቦዮቹ በደለልና በቆሻሻ የተደፈኑ እንደሆነ፣ ከግድቡ በስተጀርባ ያለው ዝቅተኛ ግቢ የጎርፍ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ግድቡን ብቻ ሳይሆን ቦዩን ማየት አለበት።

ገዢው ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች

ለምሳሌ ያህል ሁለት ልጆች ያሉት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ሰፈር ቤት ሊገዛ አስቧል እንበል። አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የሚጎበኘው በበጋ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ነገር ግን የሐዋሳ ሐይቅ በየዓመቱ ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ነው። ስለዚህ ቢቻል ቤቱን በእነዚህ ወራት ደግሞ መጎብኘት፣ ባይቻል በግቢው ጥግ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃው በስንት ሜትር እንደሚገኝ ማየት ይገባዋል።

ግድግዳውም ለሚያነበው ሰው ይናገራል። በብሎኬት ግድግዳ ግርጌ የነጭ ጨው ምልክት መታየቱ፣ ቀለሙ ከታች ጀምሮ መላጡ፣ በጭቃ ቤት ላይ የማገሩና የቋሚው ሥር መበስበሱ፣ እርጥበት ከመሠረት ወደ ላይ እንደሚሳብ ያስረዳሉ። በማእዘን ላይ የወጣ ስንጥቅ የመሠረት መስመጥ ምልክት ሊሆን ይችላል። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥም አይረሳም፤ በ1952 ዓ.ም. በሻሸመኔና በሐዋሳ አካባቢ ብርቱ መንቀጥቀጥ ደርሷል። በእርጥብ አሸዋ ላይ የቆመ ቤት ከደረቅ አለት ላይ ከቆመው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ልጆችን የሚመለከተው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ግቢ የመጸዳጃ ጉድጓድ በቶሎ ይሞላል፤ የጓሮ የውሃ ጉድጓድም ከእርሱ ይበከላል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይቡናል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ስለዚህ «የራሱ የውሃ ጉድጓድ አለው» የሚለው ቃል የላቦራቶሪ ውጤት ካልተያያዘለት እንደ ተጨማሪ ዋጋ ሊቆጠር አይገባም። በሐይቁ ዳር በሚዋኙ ልጆች ላይ የቢልሃርዝያ በሽታ፣ ውሃ በሚተኛባቸው ስፍራዎችም ወባ እንደሚያሰጋ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ግን አንድ የማይከፈልበት መለኪያ አለ፤ እርሱም የነባር ነዋሪዎች ትዝታ ነው። ገዢው ወደ ጎረቤት ጎራ ብሎ፣ «እማማ፣ ውሃው እዚህ ድረስ መጥቶ ያውቃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምናልባት «ልጄ፣ ያን ጊዜማ ዕቃችንን አልጋ ላይ ጭነን ነው ያደርነው፤ ውሃው እዚያች ግራር ሥር ነበር» የሚል መልስ ያገኛል። ያቺ ግራር እንግዲህ የሰፈሩ የውሃ ልክ መለኪያ ናት። ቀያሹ የሚቀረው ሥራ ከግራሯ ሥር እስከ ቤቱ ወለል ያለውን የከፍታ ልዩነት በመሣሪያ መለካት ነው። ለሠለጠነ ሰው ይህ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም።

ስለ ሕጉ ጥቂት

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት ያደረገ ሲሆን፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ደንግጓል። ስለዚህ በነባር ሰፈር የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ የማይከፍለውን የሊዝ ክፍያ እርሱ ሊከፍል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እንዲሁም ግቢው ለሐይቁ ጥበቃ በተከለለ ዳርቻ ውስጥ የገባ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ላይ ያረጋግጥ። 99 ዓመት ረጅም ዘመን ነው፤ ውሃው ግን በዚህ ዘመን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመለስ ይችላል።

የባለሙያው ድርሻ

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። እውነተኛው ልክ በተነገረ ጊዜ ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ሻጩ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ቤት በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው አሮጊት ወይም ጡረተኛ ናቸው፤ ቤቱንም ሲገዙ ወይም ሲሠሩ ማንም ስለ ውሃ አልነገራቸውም። መሐንዲሱ ለገዢው በታመነ ጊዜ በእኒህ ሰው ላይ መጨከኑ አይደለምን?

መልሱ እንዲህ ነው። ዝም በማለት አደጋው አይጠፋም፤ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ። ደግሞም ልኩ ሳይታወቅ የሚናፈሰው ወሬ ከፍ ብሎ የቆመውንም ዝቅ ያለውንም ቤት እኩል ያጎድፋል። በቁጥር የተጻፈ እውነት ግን በጥሩ ቦታ ላይ የቆመውን ቤት ከሐሜት ያድናል፤ ዝቅ ያለውም ቢሆን ወለሉን ከፍ በማድረግ፣ ቦዩን በማስተካከል ወይም መጸዳጃውን በማዛወር ሊሻሻል የሚችልበትን መንገድና ወጪ ያሳያል። ብዙው ጉድለት የሚታረም ነው፤ የማይታረመው ያልታወቀው ነው።

ስለሆነም ለጉባኤው ሦስት አሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በሐይቅ ዳር ከተሞች የሚሠሩ አባላት በተመጣጣኝ ክፍያ የአንድ ገጽ «የውሃ ልክ መግለጫ» እያዘጋጁ ከሽያጭ ውል ጋር እንዲያያዝ ቢያደርጉ። ሁለተኛ፣ ውሃው ደርሶበት የሚያውቀው ከፍተኛ ልክ ከነዓመተ ምሕረቱ በየመንገዱ ማእዘን በድንጋይ ምሰሶ ላይ እንዲቀረጽ ከማዘጋጃ ቤቶች ጋር ቢመከር። ሦስተኛ፣ የነባር ነዋሪዎች ትዝታ ባለቤቶቹ ሳያልፉ በቀያሽ ተለክቶ በመዝገብ ቢሰፍር። የመጨረሻው ጊዜ አይሰጥም፤ እነዚያን ዓመታት በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከሐይቅ ዳር ቤት አትግዙ ማለት የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም። በዚያ ሰፈር ልጆች በደስታ አድገዋል፤ ወደፊትም ያድጋሉ። ዓላማው ቤተሰቡ የሚገዛውን ነገር አውቆ እንዲገዛ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ የቅየሳ መሣሪያ፣ አንድ የሙከራ ጉድጓድና ለጎረቤት የሚቀርብ አንድ ትሑት ጥያቄ ነው።