ቦርሳው ስንት ኪሎ ነው?

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችን ልብ ብሎ ላያቸው፣ አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው፣ አንገታቸውን አስግገው ነው የሚራመዱት። ከባድ ቦርሳ ወደኋላ ሲጎትታቸው ሚዛን የሚጠብቁት እንዲያ ነው፤ ጫናው ደግሞ ጀርባና ትከሻቸው ላይ ያርፋል።

ስንት ኪሎ ይበዛል? ህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ፖሊሲ፣ ቦርሳው ከልጁ ክብደት 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። 25 ኪሎ ለምትመዝን ተማሪ ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኪሎውን ይወስዳል። ምሳ ዕቃው፣ ደብተሩና መጽሐፉ ገና አልተቆጠሩም!

እርግጥ ነው፣ የልጆች ጀርባ ሕመም ሁሉ ከቦርሳ የመጣ አይደለም። ልጅን የሚያደክም ሸክም ግን ዛሬውኑ ሊቃለል ይችላል።

ወላጅ ማታ ከልጁ ጋር ቦርሳውን ከፍቶ የነገውን ፕሮግራም ይመልከት፤ የማያስፈልገው ደብተር ቤት ይደር። ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይግባ። ማንገቻው ሰፊ ይሁን፣ በሁለቱም ትከሻ ይታዘል፤ ቦርሳው ከወገብ በታች አይንጠልጠል። ሕመሙ ልጁን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ወይም እግሩን የሚያደነዝዘው ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።